በነሐስ የተጋጠመ ብረት

ሰው ኃጢአቱን በንስሐ አባቱ ፊት ተናዝዞ ቀኖናውን ሲፈጽም፣ ወይም ደም የተቃቡ ሁለት ወገኖች በሽማግሌ ፊት ቀርበው ሲታረቁ፣ ያለፈው በደል ከነጭራሹ እንዳልተደረገ ይቆጠራል ወይስ ተደርጎ፣ ታውቆ፣ ነገር ግን የመግደል ኃይሉን አጥቶ ይኖራል የሚለው ጥያቄ፣ ከሊቃውንቱ ጉባኤ ይልቅ ተራውን ምእመን በየቤቱ ሲያስጨንቅ የኖረ ጥያቄ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ እንደ አለላ የቀላ ኃጢአት እንደ በረዶ እንደሚነጻ ይናገራል፤ ዳዊትም በደሉ ይደመሰስለት ዘንድ ይማልዳል። በሌላ ወገን ግን ሞትን ድል ነሥቶ የተነሣው ጌታ፣ ደጁ እንደ ተዘጋ በደቀ መዛሙርቱ መካከል በቆመ ጊዜ፣ የችንካሩና የጦሩ ምልክት ከሥጋው አልጠፋም ነበር፤ ተጠራጣሪው ቶማስም ወደ እምነት የተመለሰው በዚያው ምልክት ነው። ሙታንን ማንሣት የቻለ ኃይል ቁስልን ማጥፋት ተሳነው ማለት የማይገባ ስለሆነ፣ ምልክቱን ፈቅዶ አስቀረው ከማለት በቀር ሌላ መንገድ የለንም። እንግዲህ የሚደመሰሰው ምንድን ነው? የሚቀረውስ?

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ይዞ መዞር የተለመደ ነው፤ እኔ ግን በወሎ ወዳሉት የራያ ቆቦ ብየዳ ቤቶች ልወስደው እወዳለሁ። የቆቦ ሜዳ ከምሥራቅ በዞብል ተራራ፣ ከምዕራብ በላስታ ደጋ ታቅፎ የተዘረጋ፣ ማሽላና ጤፍ የሚያበቅል ሰፊ ቆላ ነው። የራያ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ እርሻው እየመለሰ ሲያጠጣ ኖሯል፤ በኋለኛው ዘመን ደግሞ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የወንዙና የከርሰ ምድሩ ውሃ በሞተር እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማበታል። ስለዚህ በዚያ አገር የአንድ ፓምፕ መሰንጠቅ የብረት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሽንኩርቱ ጭንቅላት በሚቋጥርበት ሳምንት ውሃ ከተቋረጠ የቤተ ሰቡ የዓመት ተስፋ አብሮ ይደርቃል። የፓምፑ አካል ግን ብዙ ጊዜ በቅርጽ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ነው፤ በውስጡ ከመቶ ከ2 እስከ 4 እጅ ካርቦን ስላለበት ጠንካራ ይምሰል እንጂ ግትር ነው፤ መታጠፍ አያውቅም፤ ከመኪና ሲወርድ ቢወድቅ ወይም ብሎኑ ያለ ልክ ቢጠብቅ ሳይለምጥ በቀጥታ ይሰነጠቃል።

ባለ ፓምፑ ቸኩሏልና በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኤሌክትሪክ ብየዳ ነው። በያጁ ተራውን ኤሌክትሮድ ይለኩሳል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስንጥቁ ይዘጋል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ሒሳቡን ሊከፍል ኪሱን ሲዳብስ፣ ብረቱ እየቀዘቀዘ ሳለ “ጧ” የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ብየዳው ሳይከፈት ከብየዳው አጠገብ አዲስ ስንጥቅ ወጥቷል። ምክንያቱ ስውር አይደለም። የኤሌክትሮዱ እሳት እጅግ ብርቱ ሆኖ በጠባብ ቦታ ላይ ያርፋል፤ የቀረው የብረት አካል ግን ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙቀቱን ፈጥኖ ይመጠዋል፤ በዚህ ድንገተኛ ቅዝቃዜ በካርቦን የተሞላው ብረት በመገጣጠሚያው ዳርና ዳር እንደ ጠርሙስ ተሰባሪ ይሆናል፤ የቀለጠውም ክፍል ሲረጋ እየተኮማተረ ይጎትተዋል፤ ያን ጊዜ የሚሰበረው አዲሱ ስፌት ሳይሆን ጎረቤቱ ነው። ለዚህ መድኃኒት ይሆን ዘንድ የተሠራ የኒኬል ኤሌክትሮድ አለ፤ ዋጋው ግን ለቆላው ገበሬ የሚቀመስ አይደለም። በኃይል የተጫነ ዕርቅ የሚፈርሰው እንዲሁ ነው ብዬ አምናለሁ። የታረቁት ሁለቱ ሰዎች በቃላቸው ጸንተው ሳለ የአንደኛው ወንድም ወይም የሌላኛው የአክስት ልጅ፣ እርሱ ሳይጠየቅና ልቡ ሳይሞቅ ቃሉ የተፈጸመበት ሰው፣ በማግሥቱ ጥይት ያጮኻል።

ሁለተኛው መንገድ የነሐስ ብየዳ ነው። በዱቄት የተለበሰው ቢጫ ዘንግ በገበያ ነሐስ ተብሎ ቢሸጥም ከመቶ 60 ያህል እጁ መዳብ፣ 40 ያህል እጁ ዚንክ ሆኖ፣ ጥቂት ቆርቆሮና ሲሊኮን ታክሎበታል፤ የሚቀልጠውም 900 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ የፓምፑ ብረት ግን ከ1100 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይቀልጥም። ጥበቡ ሁሉ ያለው በዚህ ልዩነት መካከል ነው። አዋቂው በያጅ አስቀድሞ ስንጥቁ ወደ ፊት እንዳይሮጥ ከጫፍና ከጫፉ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳለታል፤ ቀጥሎ ስንጥቁን ተከትሎ በሞረድ ቦይ ይከፍታል፤ ማለትም የተሰበረውን ከመዝጋቱ በፊት ይልቁን ያሰፋዋል፤ ባለቤቱ ይህን ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል፤ ፓምፑን ሊያበላሽበት የመጣ ይመስለዋል። ከዚያ ዘይቱ፣ ቀለሙና ዝገቱ ተጠርጎ ንጹሕ ግራጫ ብረት እስኪታይ ድረስ ይፋቃል። በኤሌክትሪክ የሚሽከረከረው መፋቂያ ሥራውን ያፈጥናል፤ ነገር ግን በብረቱ ውስጥ ያለውን ጥቁር ግራፋይት በፊቱ ላይ እየቀባ ያልፋል፤ ስለዚህ የሚያብረቀርቀው ፊት ንጹሕ መስሎ ነሐሱን አይቀበልም፤ ጠንቃቃው በሞረድ የሚደክመው ስለዚህ ነው።

እሳቱ የሚነደው ከኦክስጅኑ ቦምቦላና ከካርባይዱ ጋዝ ነው። በያጁ ስንጥቁን ብቻ አያሞቅም፤ የፓምፑን አካል በሙሉ፣ ቀስ እያለ፣ እሳቱን እያዞረ ያሞቀዋል፤ በመጨረሻ የመገጣጠሚያው ዳርና ዳር ደብዘዝ ያለ ቅላት ሲያሳይ ዘንጉን ያቀርባል። መጀመሪያ የሚቀልጠው ነሐሱ አይደለም፤ ልባሱ ነው። በልባሱ ውስጥ ያለው ቦራክስ ያብጣል፣ ይፈላል፣ ቀጥሎም ጥርት ያለ ፈሳሽ ሆኖ በብረቱ ፊት ላይ ይዘረጋል፤ እሳቱ ራሱ የሚያመጣውን ስስ የዝገት ልባስ አሟሙቶ ወደ ራሱ ይወስዳል፤ አየሩም ተመልሶ እንዳይነካው ይጋርዳል። ከዚህ በኋላ ነሐሱ ይነካል። ብረቱ በውነት የነጻና የሞቀ እንደሆነ ነሐሱ ሳይገፋ፣ ሳይጎተት፣ በራሱ ፈቃድ የሚሄድ እስኪመስል በቦዩ ውስጥ ተዘርግቶ ግድግዳውን ይይዛል፤ ቆሻሻ የቀረበት እንደሆነ ግን ተድበልብሎ ይንከባለላል እንጂ አይጣበቅም። በዚያች ቅጽበት በያጁን ማታለል አይቻልም፤ ባለቤቱ “በደንብ ፍቄዋለሁ” ብሎ ቢምል እንኳ የሚንከባለለው ነሐስ ምስክር ይሆንበታል። ሥራው ሲያበቃ ፓምፑ በደረቅ አመድ ተቀብሮ ሌሊቱን ያድራል፤ ፈጥኖ እንዲቀዘቅዝ ውሃ የሚያፈስበት ሰው የደከመበትን ሁሉ በራሱ እጅ ያፈርሰዋል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ብረቱ አለመቅለጡን ልብ ይሏል። ሁለቱ ዳርቻዎች ባሕርያቸውን ሳይለቁ፣ አንዱ ሌላውን ሳይውጥ፣ ከሁለቱም ቀድሞ የሚቀልጥ ሦስተኛ ነገር በመካከላቸው ራሱን ሲያፈስ ተጋጠሙ፤ መጋጠሚያውም በአግባቡ የተሠራ እንደሆነ ከብረቱ ራሱ የማይተናነስ ኃይል ይኖረዋል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ይህን ምሳሌ አንሥቶ ወደ ምሥጢረ ሥጋዌ ለመውጣት የሚቃጣው አንባቢ ቢኖር ይመለስ፤ ቅዱስ ቄርሎስ ስለ ቃልና ስለ ሥጋ ተዋሕዶ ሲያስተምር የመረጠው ምሳሌ በእሳት የጋለ ብረት ነው፤ በዚያ ያለ ውላጤና ያለ ቱሳሔ በሆነ ተዋሕዶ መካከል የገባ ሦስተኛ አጣባቂ የለም፤ የነሐሱ ምሳሌ ለሰውና ለሰው ጉዳይ ብቻ የሚያገለግል የምድር ምሳሌ ነው።

ለሰውና ለሰው ጉዳይ ግን ብዙ ያስተምራል። ዕርቅ ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው ሁለቱ ወገኖች ቀልጠው አንድ እስኪሆኑ፣ የእኔና የአንተ የሚባል እስኪጠፋ ድረስ የሚደረግን መቀላቀል ነው፤ ይህም ስለማይሆንልን ዕርቅ የማይቻል ይመስለናል። በራያ ቆቦ የደም ነገር ሲነሣ በመካከል የሚገቡት ዘወልድ የሚባሉት አስታራቂ አባቶች፣ በሌላውም የወሎ ክፍል አበጋሮች፣ ገዳይን የሟች ወገን ወንድም አድርገው ለማቅለጥ አይሞክሩም። እነርሱ የሚፈልጉት እያንዳንዱ በቤቱ፣ በስሙና በሐዘኑ እንደቆመ ከሌላው ጋር በአንድ ገበያ መዋል፣ በአንድ ውሃ ማጠጣት እንዲችል ነው። ለዚህም በመጀመሪያ ነገሩን ይከፍቱታል እንጂ አይዘጉትም፤ ማን ምን እንዳደረገ እስኪጠራ ድረስ ያስፋፉታል፤ የሚካሰውም ይካሳል። ክርስቲያኑና እስላሙ አንድ ዋርካ ሥር በሚቀመጡበት አገር ይህ አሠራር ለአንዱ ሃይማኖት ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ መባህን ከመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ታረቅ የሚለው የወንጌል ትእዛዝና ዕርቅን ከሁሉ የሚያስበልጠው የቁርኣን ቃል በዚህ ይስማማሉ።

በዱቄት የተለበሰው ዘንግ አንድ ፈተና ይዞ መጥቷል። ቀድሞ በያጁ ቦራክሱን በቆርቆሮ ይዞ፣ የጋለውን ዘንግ እየነከረ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ማንጻቱ ከማጋጠሙ ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ተለጥፎ ስለሚሸጥ፣ ሰነፉ ሠራተኛ “ልባሱ ያነጻዋል” ብሎ ሞረዱን ይተዋል። ልባሱ ግን የሚያሟሟው ስሱን ዝገት ብቻ ነው፤ ዘይትን አያስወግድም፣ ቀለምን አይልጥም፣ የወፈረውን ዝገት አይፈነቅልም። እኛም በካህኑ የንስሐ ፍትሐት ላይ የምንጥለው ስንፍና ይህን ይመስላል። የቀማውን ሳይመልስ፣ ያጠፋውን ስም ሳያቃና፣ ድንበሩን የገፋበትን ጎረቤት ደጅ ሳይጠና፣ መስቀል ተሳልሞ የሚወጣ ሰው ፍትሐቱ ዘይቱንም ጭምር እንዲያነሣለት የሚጠብቅ ነው። ዘኬዎስ ከሾላው ወርዶ ጌታን በቤቱ ሲቀበል የተናገረው ስለ ስሜቱ አልነበረም፤ ስለ ገንዘብ ነው፤ በሐሰት የቀማሁት ቢኖር አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ሞረዱ ያ ነው፤ ይህ ሲሆን ጸጋው ግድግዳውን ይይዛል።

ይህን የብየዳ ጥበብ የሚያውቀውን ሠራተኛ ግን አገራችን ለብዙ ዘመን ጠይብና ቀጥቃጭ፣ ከዚያም አልፋ ቡዳ እያለች ስታዋርደው ኖራለች። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል፤ አዋጁ ወደ ሰው ልብ ምን ያህል እንደገባ እያንዳንዱ የመንደሩን ወሬ ይጠይቅ። በቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ሲራክ ግን በ38ኛው ምዕራፍ፣ በእሳት ወላፈን ሥጋው የሚቀልጠውን አንጥረኛ ከሊቁ ጋር አነጻጽሮ፣ በሸንጎ ባይቀመጥም ያለ እርሱ ከተማ እንደማይቆም ይመሰክርለታል። ወላፈኑ ደግሞ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ በያጁ እሳቱን ጥቂት ያበረታ እንደሆነ ነጭ ጢስ ይነሣል፤ እርሱን የተነፈሰ ሰው ማታ እንደ ወባ ታማሚ ይንቀጠቀጣል። ብዙዎቹ ወተት ጠጥተው የሚድኑ ይመስላቸዋል፤ ወተቱ ምንም አይጎዳም፣ ነገር ግን የሚያድነው በሩን ከፍቶ መሥራት ነው። አስታራቂውም እንዲሁ፣ ከሁለቱ ወገን የሚነሣውን መርዝ እየሳበ የሚኖር ሰው ነው፤ ሁለቱን ካጋጠመ በኋላ በሁለቱም ዘንድ “ለእነዚያ ያደላው” ተብሎ መታማቱ የማይቀር ነው።

ነገሩን ከመጻሕፍት ጋር ሳስተያይ ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አገኘሁ። ብረታ ብረትን ማጋጠም በቅዱሳት መጻሕፍት ሲነሣ ለዕርቅ ምሳሌ ሆኖ አይደለም። ኢሳይያስ በ41ኛው ምዕራፍ አንጥረኛው የብየዳውን ሥራ ሲያመሰግን የሚያሳየን ጣዖት ሲሠራ ነው፤ ነቢዩ የሚዘባበተው እንዳይወድቅ በችንካር የሚያያዝ አምላክ ምን ዓይነት አምላክ ነው በማለት ነው። በየዓርቡ በሚነበበው በሱረቱል ከህፍ ደግሞ ዙልቀርነይን የብረት ቋጥኝ በሁለት ተራሮች መካከል ደርድሮ፣ በወናፍ አግሎ፣ የቀለጠ መዳብ ያፈስበታል፤ ሥራው ከነሐስ ብየዳ ብዙ የማይርቅ ቢሆንም የተሠራው ግን ጎግንና ማጎግን ከሰው ለመለየት የቆመ ግንብ ነው፤ የእኛም ዜና እስክንድር ያንኑ ታሪክ ይተርካል። በዳንኤል ሁለተኛ ምዕራፍም ብረትና ሸክላ አብረው ቆመው ሳይጣበቁ ይቀራሉ። ጥበቡ እንግዲህ በራሱ ቅዱስ አይደለም ማለት ነው፤ ጣዖትንም ያጸናል፣ ግንብንም ያቆማል። ሰዎች ተጋጥመው በሌላ ሦስተኛ ሰው ላይ ግንብ የሚሆኑበት ዕርቅ በታሪካችን ብዙ ነው፤ መሳፍንቱ ሲታረቁ የሚያለቅስ ሌላ አውራጃ ሁልጊዜ አይታጣም ነበር።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በነሐስ የተጋጠመ ፓምፕ ከአመድ ሲወጣ፣ ጠርሙስ የሆነው የልባሱ ትርፍ በመዶሻ ተነቅሎ ሲጸዳ፣ በግራጫው ብረት ላይ ቢጫ መስመር ይታያል። አንዳንድ ባለቤት ያፍርበታል፤ ፓምፑን ሊሸጥ ያሰበ እንደሆነ ደግሞ ቶሎ ቀለም ያስቀባዋል፤ ገዥውም ይህን ስለሚያውቅ ቀለሙን በጥፍሩ ይፍቃል። ያ መስመር የስብራቱ ምስክር ነው፤ ዝገቱ ግን በዚያ የለም፤ በቦራክሱ ሟሙቶ፣ ከጠርሙሱ ጋር ተነቅሎ ተጥሏል። እኔ የምለው ይህን ነው፤ ነቢያት ይደመሰሳል ያሉት ዝገቱን ነው፤ ጌታ ለቶማስ ያሳየው ደግሞ መስመሩን ነው። ኃጢአት በእግዚአብሔር ፊት ይሰረያል፤ ቂምም ከልብ ሊነቀል ይችላል፤ ነገር ግን ልጅዋ የሞተባትን እናት በተፈጸመ ዕርቅ ስም “ከእንግዲህ አታንሺው” ማለት ቢጫውን መስመር ቀለም እንደመቀባት ነው። እርስዋ የልጅዋን ስም ስትጠራ ዕርቁ ፈረሰ ማለት አይደለም፤ ስሙ በገዳዩ ፊት ተጠርቶ ማንም እጁን ወደ ጠመንጃ ካልሰደደ ዕርቁ ይዟል።

ነሐስ ግን ወሰን አለው፤ ይህን የማይናገር በያጅ ደንበኛውን የሚያታልል ነው። ቀልቶ እስኪግም ድረስ በሚሞቅ አካል ላይ፣ ለምሳሌ ጢስ በሚወጣበት የሞተር ክፍል ላይ፣ አይሠራበትም፤ ብረቱ ሳይነካ ነሐሱ ይለሰልሳል፣ ይለቃልም። ቆቦና የራያ ቆላ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ያለፉበት የጦርነት እሳት ከዚህ ዓይነቱ ነው፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ሠራዊትን ከሠራዊት ጋር ከመዋጋት ያቆመ ቢሆንም፣ ማሽላው የተቃጠለበትን ገበሬና የድንበር ማዶ ጎረቤቱን ማጋጠም የዚያ ወረቀት ሥራ አልነበረም፤ ሊሆንም አይችልም። ያ ሥራ የዋርካው ሥር ሽማግሌዎች ሥራ ነው፤ ለእነርሱም ብረቱን በሙሉ ቀስ ብሎ የማሞቂያ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል፤ ጊዜውም የሚገኘው ሌላ እሳት ከላይ ካልወረደባቸው ነው።

በቸኮለ እጅ የተሠራ መጋጠሚያ የለቀቀ እንደሆነ ደግሞ ሁለተኛው ጥገና ከፊተኛው ይከብዳል። በአሮጌው ነሐስ ላይ አዲስ ነሐስ ማፍሰስ ከላይ ያሳምራል፣ ከሥር ግን ያው ቆሻሻ ተቀምጧል፤ በኤሌክትሮድም እንሥራው ቢባል በብረቱ ውስጥ የቀረው ነሐስ ብየዳውን ያበላሻል። ስለዚህ ቢጫው ሁሉ፣ እስከ መጨረሻዋ ብናኝ፣ ተፍቆ መውጣት አለበት፤ ቦዩም ከቀድሞው እየሰፋ፣ ግራጫው ብረት እንደገና እስኪታይ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ በቆቦ ብየዳ ቤት ደጃፍ የሚነሣው ክርክር ስለ ጥበቡ አይደለም፤ የመጀመሪያው በያጅ የወሰደውን ገንዘብ ይመልስ ወይስ ባለ ፓምፑ ሁለተኛ ይክፈል የሚል ነው፤ እርሱንም የሚቆርጡት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው።